ቁጥር የማዋሐድ ጨዋታዎች፦ ስለ መወደዳቸውና ስለ መቀዳታቸው አጭር ታሪካዊ ጥናት

መግቢያ

ጨዋታ ለታሪክ ጥናት የሚበቃ ጉዳይ ነው ብሎ የሚቀበል ሰው ብዙ አይደለም። የታሪክ ተማሪ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት፥ ስለ ውልና ስለ ንግድ መንገድ ሲጽፍ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ስለ ጨዋታ ሲጽፍ ግን ጊዜውን በከንቱ እንዳሳለፈ ይቈጠርበታል። ነገር ግን በጨዋታም ውስጥ ሠሪና ነጋዴ፥ ባለቤትና ቀማኛ፥ ሕግና ክርክር፥ መታወቅና መረሳት አሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በ2014 ዓ.ም. በእጅ ስልክና በድረ ገጽ አማካይነት በጥቂት ሳምንታት ዓለምን ስላዳረሱት ቁጥር የማዋሐድ ጨዋታዎች፥ በተለይም «ትሪስ» እና «2048» ስለሚባሉት ሁለቱ፥ ነገሩን በቅደም ተከተል ለማቅረብ አስበናል። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጠ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ጥያቄያችን ሁለት ነው። አንደኛው፥ ሕፃን ልጅ በአንድ ደቂቃ የሚማረው ጨዋታ ትልቁን ሰው እንቅልፍ የሚነሣው ስለ ምንድን ነው? ሁለተኛው፥ እንዲህ ያለው ጨዋታ በሌላ እጅ ሲቀዳ ሠሪው የሚያጣው ምንድን ነው? የሚቀርለትስ ምንድን ነው? ከዚህ ቀጥለን ለማሳየት የምንሞክረው፥ ጨዋታውን ያስወደደው ቀላልነት ያው ራሱ ለቀጂ ያጋለጠው መሆኑን፥ ሕግም ከዚህ አደጋ የማያድነው መሆኑን፥ ለሠሪው የሚቀረው ዋና መከታም በጊዜው ተጽፎ የተቀመጠ መዝገብ መሆኑን ነው።

1. የጨዋታው አሠራር

ጨዋታው የሚካሄደው አራት በአራት በሆነ፥ 16 ቤቶች ባሉት ገበታ ላይ ነው። በቤቶቹ ውስጥ ቁጥር የተጻፈባቸው ካርዶች አሉ። ተጫዋቹ የሚያዘው በአንድ ካርድ ላይ ሳይሆን በገበታው ሁሉ ላይ ነው፤ ይኸውም ጣቱን ወደ ላይ፥ ወደ ታች፥ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሲገፋ ካርዶቹ በአንድነት ወደዚያው ይሄዳሉ። በዚህ ጊዜ የሚስማሙ ሁለት ካርዶች ሲገናኙ ተዋሕደው አንድ ካርድ ይሆናሉ፥ ቁጥራቸውም ይደመራል። ከያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኋላ አዲስ ካርድ ይመጣል። ገበታው ሞልቶ የሚዋሐድ ካርድ ሲጠፋ ጨዋታው ያበቃል።

በ«ትሪስ»፥ ትርጓሜውም «ሦስቶች» ማለት ነው፥ 1 የሚዋሐደው ከ2 ጋር ብቻ ነው፤ ውጤቱም 3 ይሆናል። ከዚያ ወዲያ እኩያ ከእኩያው ጋር ይጋጠማል፤ ሁለት 3 ስድስትን፥ ሁለት 6 ዐሥራ ሁለትን እየሰጠ በሺሕ ወደሚቈጠሩት ቁጥሮች ያድጋል። ካርዶቹ በአንድ ግፊት የሚራመዱት አንድ ቤት ብቻ ነው። ወደ ግራ ቢገፉ አዲሱ ካርድ በቀኝ በኩል ይገባል፤ ምን ዓይነት ካርድ እንደሚመጣም አስቀድሞ ከገበታው በላይ ምልክት ይታያል።

በ«2048» ግን እኩያ ከእኩያው ጋር ከመዋሐድ በቀር ሌላ ሕግ የለም፤ ሁሉም ከ2 ይጀምራል። ካርዶቹ ዳር እስኪደርሱ ወይም ሌላ ካርድ እስኪያግዳቸው ድረስ ይንሸራተታሉ። አዲሱ ካርድ በማንኛውም ባዶ ቤት ሊወጣ ይችላል፤ ከዐሥር ጊዜ ዘጠኙን 2፥ አንዱን ጊዜ 4 ሆኖ ይመጣል። በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ወደ ፊት እንደምናየው የክርክሩ ሥር እርሱ ነው።

2. የተወደደበት ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጨዋታው ቋንቋ አይጠይቅም። ቁጥር የሚያነብ ሰው ሁሉ፥ በማንኛውም አገር ይኑር፥ ሁለት ጊዜ በጣቱ ገፍቶ ካየ ሕጉን ያውቀዋል። አስተማሪ አያሻም፥ ሰዓት አይቈጥርበትም፥ ተቃራኒም የለበትም። በአውቶቡስ መጠበቂያ ላይ ተጀምሮ አውቶቡሱ ሲመጣ ሊቋረጥ ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ከገቢና ከወጪ ሒሳብ ጋር ይመሳሰላል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ካርድ ያስገባል፤ እያንዳንዱ ውሕደት ደግሞ አንድ ካርድ ያስወጣል። ቤቶቹ 16 ብቻ ስለሆኑ፥ ተጫዋቹ በአማካይ በያንዳንዱ እንቅስቃሴ አንድ ውሕደት ካላገኘ ገበታው ይሞላበታል። ስለዚህ ሁኔታው ከወር እስከ ወር ደመወዙን ከወጪው ጋር ለማስተካከል እንደሚደክም አባወራ ነው። ጥቂት ወጪ ቢበዛበት ወዲያው አይወድቅም፤ ግን ባዶ ቤቶቹ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ሲሸነፍም የሚያመካኝበት ሌላ ሰው ስለሌለ በራሱ ይቈጭና እንደገና ይጀምራል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የጠለቀው ምክንያት የእጥፍ ባሕርይ ነው። በ«2048» ከ2 ተነሥቶ ወደ 2048 ለመድረስ 2፥ 4፥ 8፥ 16፥ 32፥ 64፥ 128፥ 256፥ 512፥ 1024፥ 2048 የሚባሉ 11 ደረጃዎች አሉ። ተጫዋቹ 1024ን ሲያገኝ ዐሥረኛው ደረጃ ላይ ቆሟል፤ ዓይኑ የሚያየው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ነገር ግን ሁለተኛ 1024 እንደገና ከታች መሠራት ስላለበት ገና የሥራው ግማሽ ያህል ይቀረዋል። ከዐሥር አዲስ ካርዶች ዘጠኙ 2፥ አንዱ 4 ቢሆኑ ድምራቸው 22 ነው፤ እንግዲህ አንድ ካርድ በአማካይ 2.2 ያወጣል ማለት ነው። 2048ን ለ2.2 ስናካፍል ከ930 የሚያንስ አይደለም። ስለዚህ ግቡን ለማግኘት ከ900 በላይ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል፤ ከነዚህም ግማሾቹ ያህል የሚወድቁት «አንድ ብቻ ቀረኝ» በሚባልበት ጊዜ ነው። ከጨዋታው መነሣት ያቃተው ሰው በሌላ ነገር አልተያዘም፤ ዓይኑና ሒሳቡ ስላልተስማሙ ነው።

3. ከ140 ዓመት በፊት የነበረ ምሳሌ

ወደ 2014 ታሪክ ከመግባታችን በፊት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልገናል። ምክንያቱም ያው አራት በአራት የሆነ ገበታ፥ ያው ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ፥ ያው የቅጂ ጐርፍ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ታይቷል። ይኸውም «የዐሥራ አምስቱ እንቆቅልሽ» የሚባለው ነው። በጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ ከ1 እስከ 15 የተቈጠሩ የእንጨት ቁራጮች ተደርድረው አንድ ቤት ባዶ ይተዋል፤ ተጫዋቹ ቁራጮቹን ሳያነሣ እያንሸራተተ በተራቸው ያሰልፋቸዋል።

የዚህ ጨዋታ መነሻ በኒውዮርክ ግዛት ካናስቶታ በምትባል ትንሽ ከተማ የፖስታ ቤት ሹም የነበረው ኖይስ ቻፕማን ነው። ቻፕማን በ1874 ዓ.ም. 16 ቁጥር ያላቸውን ቁራጮች ረድፋቸው ሁሉ 34 እንዲሆን የማሰለፍ እንቆቅልሽ ለወዳጆቹ ያሳይ ነበር። ከዚያ የተሻሻለው ጨዋታ ቅጂ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ በኮነቲከት ግዛት ወደምትገኘው ሃርትፎርድ ደረሰ፤ በዚያም መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ትምህርት ቤት ልጆች እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። በዲሴምበር 1879 ማቲያስ ራይስ የሚባል የቦስተን የእንጨት ሥራ ባለቤት በሌላ ስም አውጥቶ ለገበያ አቀረበው። በ1880 መጀመሪያ ወራት አሜሪካን፥ ቀጥሎም ካናዳንና አውሮፓን አጥለቀለቀ። በዚያው ዓመት ክረምት እብደቱ በረደ።

ቻፕማን ፓተንት የሚባለውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት ለማግኘት ያመለከተው በፌብሩዋሪ 1880 ነው፤ ይኸውም ገበያው ከጋለ በኋላ መሆኑ ነው። ማመልከቻውም ተቀባይነት አላገኘም። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ አንድ ሰው ገንዘብ አጣ ብለን እናልፍ ነበር። ግን ከዚህ የከፋ ተከተለ። በአሜሪካ ስመ ጥር የነበረው የእንቆቅልሽ ደራሲ ሳም ሎይድ ከ1891 ጀምሮ በ1911 እስኪሞት ድረስ የጨዋታው ፈጣሪ እኔ ነኝ ይል ነበር። ሎይድ 14ና 15 ቦታ ተለዋውጠው የቆሙበትን አሰላለፍ ለሚያስተካክል ሰው 1000 ዶላር እሸልማለሁ በማለቱ ይበልጥ ታወቀ። ይህን ሽልማት ማንም ሊወስደው አይችልም ነበር፤ ዊልያም ጆንሰንና ዊልያም ስቶሪ የሚባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት ነገሩ ፈጽሞ የማይቻል መሆኑን በ1879 አረጋግጠው ነበርና። ቁራጮቹ በ1,307,674,368,000 ዓይነት ሊደረደሩ ሲችሉ፥ ባዶው ቤት በማዕዘኑ እንዳለ በማንሸራተት የሚደረስባቸው ግማሾቹ ብቻ ናቸው።

የሎይድ ቃል ከመቶ ዓመት በላይ በመጻሕፍት ሲደጋገም ኖረ። ጄሪ ስሎከምና ዲክ ሶነቬልድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የዘመኑን ጋዜጦችና ሰነዶች መርምረው በ2006 መጽሐፍ ሲያሳትሙ ነው የቻፕማን ስም ወደ ቦታው የተመለሰው። ቻፕማን ገንዘቡን በወራት ውስጥ አጣ፤ ስሙ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ተሰወረ። ከዚህ የምንረዳው ሁለቱ ኪሳራዎች ልዩ ልዩ መሆናቸውን ነው፤ ወደ 2014 የምንሻገረውም ይህን ይዘን ነው።

4. የ2014 ታሪክ

«ትሪስ»ን የሠሩት ሦስት አሜሪካውያን ናቸው፤ አሸር ቮልመር አሠራሩን፥ ግሬግ ዎልዌንድ ሥዕሉን፥ ጂሚ ሂንሰን ሙዚቃውን አዘጋጁ። የጨዋታው የመጀመሪያ ሐሳብ ፈጥኖ የተገኘ ቢሆንም ሥራው እስኪፈጸም 14 ወር ወስዷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጨዋታው ብዙ ልብስ ለውጧል። ቁጥር ብቻውን ሰውን አይስብም ብለው ስለ ፈሩ፥ በቁጥሩ ፈንታ የጃፓን ምግብ የሆነውን ሱሺን፥ የጨርቅ ጥለትን፥ ሌላም ብዙ ዓይነት ሥዕል ሞክረው ነበር። በመጨረሻ ያን ሁሉ ጥለው ወደ ቁጥሩ ተመለሱ፤ ለካርዶቹም ትንንሽ ፊትና ድምፅ ብቻ ጨመሩላቸው። እንግዲህ የ14 ወሩ ሥራ በአብዛኛው የመጨመር ሳይሆን የመቀነስ ሥራ ነበር። ቀላል ነገር በቀላሉ አይገኝም።

ጨዋታው በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2014 ለአይፎን በ2 ዶላር ያህል ዋጋ ወጣ። ወዲያውም ተወደደ። ሠሪዎቹ በኋላ እንደ ጻፉት፥ በ6 ቀን ውስጥ ቅጂው እነርሱ ገና ባልደረሱበት በሌላ የስልክ ገበያ ታየ። በ21 ቀንም ቪዎ የተባለ የቻይና ድርጅት ያወጣው «1024» የሚባል ጨዋታ ተከተለ። ይህኛው ከ1ና ከ2 መነሣቱን ትቶ እኩያን ከእኩያው ማዋሐድን ብቻ ያዘ፤ ዋጋም አልነበረውም።

ከዚያ ጋብሪኤሌ ቺሩሊ የሚባል የ19 ዓመት ኢጣሊያዊ «1024»ን አየ፤ እንደዚሁም ከእርሱ የተቀዳ «2048» የሚል ሌላ ጨዋታ አየ። ጨዋታን ከመነሻው መጻፍ እችል እንደ ሆነ ልሞክር ብሎ በአንድ የዕረፍት ቀናት ውስጥ የራሱን «2048» ሠራ፤ በማርች 9 ቀን 2014ም በድረ ገጽ አወጣው። ማንም ሰው የፕሮግራሙን ጽሑፍ ወስዶ እንደ ወደደ እንዲያደርገው በሚፈቅድ ነጻ ፈቃድ ለቀቀው፤ ገንዘብም አልጠየቀበትም። ሳምንት ሳይሞላው 4 ሚሊዮን ሰዎች ጐበኙት። ከዚህ በኋላ የሆነው እንደ ጐርፍ ነው። አንዱ ቁጥሩን በሥዕል፥ ሌላው በፊደል፥ ሌላው በሌላ ምልክት እየለወጠ አያሌ ቅጂዎች አወጡ። ኬቻፕ የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት ጨዋታውን በዚያው በማርች ወር ከማስታወቂያ ጋር በነጻ በስልክ አቀረበና በጣም ተስፋፋለት። «ትሪስ» ለአንድሮይድ ስልክ የወጣው በማርች 12 ቀን ነው፤ «2048» ከወጣ ከሦስት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ በዚያ ወገን ያሉት ብዙ ተጫዋቾች ቅጂውን ከምንጩ አስቀድመው አወቁ፤ ምንጩን ሲያዩም ቅጂ ይመስላቸው ጀመር። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በማርች ወር መጨረሻ ቮልመርና ዎልዌንድ አንድ ያልተለመደ ነገር አደረጉ። በ14 ወሩ ውስጥ እርስ በርስ የተጻጻፉአቸውን በመቶዎች የሚቈጠሩ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤዎች፥ ከጣሉአቸው ሥዕሎች ጋር፥ ለሕዝብ አወጡ። በዚያም ላይ ቅሬታቸውን ገለጡ። ክርክራቸው ገንዘብ ብቻ አልነበረም። በ«2048» ካርዶቹ እስከ ዳር ስለሚንሸራተቱ ትልቁን ቁጥር በአንድ ማዕዘን አስቀምጦ በሁለት አቅጣጫ ብቻ እየደጋገመ የሚገፋ ሰው ብዙ ሳያስብ ሩቅ ይሄዳል። በእነርሱ ጨዋታ ግን ካርድ በአንድ ጊዜ አንድ ቤት ብቻ ስለሚራመድና 1ና 2 ስለሚፈላለጉ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ይህንኑ መንገድ ለመዝጋትም ነበር ወራት የደከሙት። በሌላ አነጋገር ቀጂዎቹ የወሰዱት እነርሱ አስቀድመው አይተው የጣሉትን መንገድ ነበር።

በዚህ ላይ የእኛን አስተያየት መስጠት ይገባናል። የሠሪዎቹ ነቀፋ በአሠራሩ ረገድ ትክክል ይመስለናል። ነገር ግን የሚቀለው ጨዋታ የበለጠ መወደዱ የሕዝቡ አላዋቂነት ብቻ አይደለም። «2048» የሚደረስበት ግብ በስሙ ላይ ተጽፏል፤ «ትሪስ» ግን ማብቂያው ሩቅ ነው። በዚያ ላይ ዋጋ የሌለው፥ በማንኛውም ማሽን ላይ ያለ ጭነት የሚከፈት ድረ ገጽ 2 ዶላር መክፈል ለማይችል ተማሪም ተከፍቷል። ቅጂው ያገኘው ሰፊ በር ከምንጩ በር የተለየ ነበር።

5. ሕጉ የሚጠብቀውና የማይጠብቀው

ታዲያ ሠሪዎቹ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄዱስ? የአሜሪካን ሕግ ስንመለከት ተስፋቸው የጠበበ እንደ ነበረ እንረዳለን። የቅጂ መብት የሚጠብቀው አገላለጥን እንጂ ሐሳብንና ዘዴን አይደለም። የዚህም መሠረት በ1879 የሚጠቀሰው የቤከርና የሴልደን ጉዳይ ነው። ሴልደን ስለ ሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መጽሐፉን መቅዳት የተከለከለ ቢሆንም የሒሳብ አያያዙን ዘዴ ግን ማንም ሊሠራበት ይችላል ሲል ወሰነ። በ1976 የወጣው የቅጂ መብት ሕግም ይህንኑ በግልጥ አጸናው። ስለዚህ የጨዋታ ሕግ ከቅጂ መብት ውጭ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም በር የተዘጋ አይደለም። በ1984 በሞስኮ አሌክሴይ ፓዢትኖቭ የሠራውን «ቴትሪስ»ን የቀዳ አንድ ድርጅት በ2012 በኒውጀርሲ ፌዴራላዊ ፍርድ ቤት ተረትቷል። የተረታው ግን ሕጉን ስለ ወሰደ አልነበረም፤ የገበታውን ልክ፥ የቁራጮቹን ቅርጽና መልክ እንዳለ ስለ ወሰደ ነው። በዚያው ዓመት «ትሪፕል ታውን» የተባለውን፥ ሦስት ተመሳሳይ ነገሮችን ወደ አንድ የሚያዋሕድ ጨዋታ የሠራው ድርጅት ቀጂውን ከሶ፥ ዳኛው ክሱን ሳይሰርዙት ሁለቱ ወገኖች በስምምነት ጨርሰዋል። እንግዲህ ሕጉ የሚጠብቀው ልብሱን ነው፤ አጥንቱን አይደለም።

የነገሩ አስቸጋሪነትም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሥዕልና ታሪክ ያለበት ጨዋታ ልብሱ ወፍራም ስለሆነ ሕግ ይሸፍነዋል። ልብሱን ሁሉ አውልቆ አጥንቱ ብቻ እስኪቀር የደከመ ሠሪ ግን ሕግ የሚይዝለት ነገር አያገኝም። የ«ትሪስ» ሠሪዎች ሱሺውንና ጥለቱን ትተውት ባይሆን ኖሮ ለመቅዳት ይበልጥ ያስቸግሩ ነበር፤ ጨዋታቸው ግን ይህን ያህል ባልተወደደ ነበር። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፥ የተሻለውን ጨዋታ መረጡ።

6. ቅጂ ሁሉ አንድ አይደለም

ከዚህ የተነሣ ቀጂን ሁሉ በአንድ ቃል መኰነን ይቀላል፤ የታሪክ ተማሪ ግን እንዲህ ሊቸኵል አይገባውም። በመጀመሪያ «ትሪስ»ም ራሱ ከሰማይ አልወረደም። ተመሳሳይን ከተመሳሳይ የማዋሐድ ጨዋታ ከእርሱ በፊት እንደ ነበረ ከላይ በ«ትሪፕል ታውን» አይተናል። አዲስ ያመጣው ገበታውን ሁሉ በአንድ ግፊት ማንቀሳቀስንና ሁለት ሁለቱን ማጋጠምን ነው።

በሁለተኛም፥ ጨዋታ የሚኖረው በመቀዳት ነው። በአገራችን ያለውን የገበጣ ጨዋታ ብንመለከት ባለቤት የለውም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት እንደ መዘገቡት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ብዙ ዓይነት አጨዋወት አለው፤ ከመንደር ወደ መንደር ሲሄድ የቤቶቹ ቁጥርና ሕጉ ይለወጣል። መሬት ጭሮ ጠጠር ለቅሞ የሚጫወት እረኛ ማንንም አልቀማም፤ ከገበጣ እንጀራውን የሚያገኝ ሠሪ የለምና። መቅዳት በደል የሚሆነው ሠሪው በሕይወት ሳለ፥ በሥራው ሊኖርበት እየደከመ ሳለ፥ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር እንደሚቈርጡ ሰዎች ሌላው ደርሶ ሲወስድበት ነው።

ስለዚህ በቀጂ ላይ ለመፍረድ ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይበቃል ብለን እናስባለን። የራሱን ነገር ጨመረ ወይ? የሠሪውን እንጀራ ወሰደ ወይ? ከማን እንዳገኘው ተናገረ ወይ? በነዚህ ብንመዝን ሰዎቹ እኩል አይሆኑም። ራይስ የቻፕማንን ገበያ ወሰደ፤ ሎይድ ግን ስሙን ወሰደ። «1024» ሕጉን ለወጥ አድርጎ በነጻ ሰጠ፤ በ«ትሪስ» ዋጋ ላይ ግን ተወዳደረ። ቺሩሊ በጨዋታው ገጽ ላይ ሥራው በ«1024» ላይ የተመሠረተና ከቮልመር «ትሪስ» ጋር በሐሳብ የሚመሳሰል መሆኑን ጻፈ፤ በመጀመሪያም ሐሳቡ ከሌላ ሰው ስለ መጣ ለስልክ ማውጣትን አልፈለገም ነበር። ሌሎች ከእርሱ ጽሑፍ እየቀዱ ገበያውን ከሞሉት በኋላ ግን በሜይ 2014 እርሱም በስልክ አወጣው። ነጻ ፈቃድ የሰጠ ሰው ከሰጠው በኋላ ሊመልሰው እንደማይችል ከዚህ እንማራለን። ኬቻፕም ያደረገው የተፈቀደለትን ነው፤ በ2016ም ዩቢሶፍት የተባለው ትልቅ የጨዋታ ኩባንያ ገዛው። ሕግ ያልከለከለው ሁሉ ግን ምስጋና ይገባዋል ማለት አይደለም።

መደምደሚያ

ከሁለቱ ታሪኮች ፍጻሜ ውስጥ አንድ ትልቅ ልዩነት ይታያል። ቻፕማንም፥ የ«ትሪስ» ሠሪዎችም ገበያቸው ተቀምቷል፤ ሕግም ሁለቱን አልረዳም። ቻፕማን ግን ጨዋታውን ለወዳጆቹ ከማሳየት በቀር ከሥራው ጋር የሚሄድ ጽሑፍ ለሕዝብ አላቀረበም፤ ስለዚህ ከ11 ዓመት በኋላ አንድ ዝነኛ ሰው ተነሥቶ «የእኔ ነው» ሲል የሚመልስለት አልተገኘም። እውነቱን ለማውጣት ሁለት ተመራማሪዎች የመቶ ዓመት ጋዜጣ መፈተሽ ነበረባቸው። ቮልመርና ዎልዌንድ ግን ጨዋታቸው በወጣ በሁለት ወር ውስጥ ደብዳቤያቸውን፥ የተሳሳተውንና የተጣለውን ሙከራ ሳይቀር፥ በአደባባይ አኖሩት። በዚያው ዓመት አፕል ኩባንያ የዲዛይን ሽልማት ሰጣቸው፤ የዓመቱም ምርጥ የአይፎን ጨዋታ አለው። የ«2048»ም ታሪክ በተጻፈበት ስፍራ ሁሉ «ትሪስ» ከፊቱ ይጠቀሳል። ገንዘቡ አልተመለሰም፤ ስሙ ግን አልጠፋም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለተማሪዎች ከጨዋታ ያለፈ ትርጉም አለው። ዛሬ በየዘርፉ የሚሠራው ነገር በጥቂት ቀን ይቀዳል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚቀዳውም ከብዙ ድካም በኋላ ቀላል ሆኖ የወጣው ነው። አይቶ «ይህን እኔም በአንድ ቀን እሠራዋለሁ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው፤ ያልሠራው ግን ከዚያ ቀን በፊት ያሉትን ወራት ነው። እነዚያን ወራት የሚያሳይ ነገር ቢኖር የተሰረዘው ወረቀት፥ የተጣለው ንድፍ፥ ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ሥራ የሚሠራ ሁሉ ፍጻሜውን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ቢያስቀምጥ መልካም ነው እንላለን። የታሪክ ተማሪም ድርሻ አለው፤ በገበያ ያሸነፈውን ስም ተቀብሎ ከማስተጋባት ይልቅ ማን ከማን እንደ ወሰደ በተራው መጻፍ ይኖርበታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እንደ ቻፕማን ታሪክ ከሆነ ግን ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው ጽፎ የሚያቆየው ሲገኝ ነው።